ተመራማሪና ተመርማሪ

የመርካቶን ግብይት የሚያውቅ ሰው አንድ ያልተጻፈ ሕግ ያውቃል። ሻጭ በርበሬ ሲመዝን የሚዛኑ ፊት ለገዢም መታየት አለበት። ገዢዋ ቁጥሩን አጥርታ ማንበብ ባትችል እንኳ ሚዛኑ ከዓይኗ እንዲሰወር አትፈቅድም። «እስቲ አዙረው» ብትል ሻጩን ሌባ ማለቷ አይደለም፤ የሚከፈለው የእሷ ገንዘብ ስለሆነ የማየት መብት አለኝ ማለቷ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ በርበሬው የማረቆ ምርጥ ቢሆንም ግብይቱ ይፈርሳል።

ለመሆኑ የሚመዘነው በርበሬ መሆኑ ቀርቶ ሰው የሚተነፍሰው አየር፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ፣ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ተቀምጦበት የሚውለው አፈር ሲሆንስ? ያን ጊዜ ሚዛኑ ወደ ማን ይዞራል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ነገሩ የሳይንቲስቶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ።

መጠይቅ ይዞ የመጣ እንግዳ

ምናለሽ ተራን ያየ ሰው እዚያ የሚጣል ነገር እንደሌለ ይረዳል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተበሳ በርሜል፣ ያለቀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ብዙው መድረሻው እዚያ ነው። በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ ጀሪካኑ ታጥቦ ለሌላ ቤት ውሃ መቅጃ ይሆናል። ዛሬ «ሪሳይክሊንግ» እየተባለ በየአዳራሹ የሚሰበክለትን ሥራ የምናለሽ ተራ ሰዎች ስም ሳይወጣለት በፊት ሲሠሩት ኖረዋል።

ይህ ሥራ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ብናኝ አለ፤ ብረት ሲበየድ ጭስ አለ፤ በርሜሉ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደ ያዘ የሚናገረው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተፍቋል። ከዚያ ራቅ ብላ በርበሬ ተራ የምትውል ሴት ደግሞ ዓይኗና ጉሮሮዋ የሚነግሯትን ሐኪም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ስለዚህ ተመራማሪ ወደ መርካቶ መምጣቱ ደግ ነገር ነው። እንዲያውም ሳይመጣ በቆየባቸው ዓመታት ሊወቀስ ይገባው ይሆናል።

የሚመጣበትን መንገድ ግን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሁለት ሦስት ወጣቶች ደረታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው፣ የተባዛ መጠይቅ ታቅፈው ይደርሳሉ። ዕድሜ ይጠየቃል፤ የትምህርት ደረጃ ይጠየቃል፤ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ? ሳል አለብዎት? ይባላል። ከወለሉ ላይ አቧራ በብሩሽ ተጠርጎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰርና ቁጥር ይጻፍበታል። «እናመሰግናለን» ተብሎ ይኬዳል። አቧራው ወደ ቤተ ሙከራ፣ መልሱ ወደ ኮምፒዩተር፣ ውጤቱ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ወይም በእንግሊዝኛ ወደሚታተም የምርምር መጽሔት ያልፋል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ግን ከሱቁ ወለል ላይ የተገኘው ምን እንደሆነ፣ ብዙ ይሁን ጥቂት፣ ከዕለት ሥራው ውስጥ የትኛው እንደሚጎዳው ተመልሶ የሚነግረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም።

«ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው?» የሚል አይጠፋም። ተመራማሪው አልሰረቀም፤ አልዋሸም። የወሰደው አቧራ ነው፤ ባለሱቁም ቢሆን ማታ ጠርጎ ሊጥለው የነበረ አቧራ።

ሕክምና ይህን ጥያቄ በመከራ ተምሮታል። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ግፍ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ሄልሲንኪ ላይ ባወጣው መግለጫ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሰውየውን ፈቃድ የሚሻ መሆኑን በመርህ ደረጃ አስቀመጠ። ዛሬ ከክንዳችን ደም የሚቀዳ ተመራማሪ ምክንያቱን አስረድቶ፣ አስፈርሞ ነው። አፈር ግን አይፈርምም፤ ወንዝም እሺታውን አይሰጥም። የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪ «እኔ የማጠናው ሰውን ሳይሆን አካባቢን ነው» ብሎ የሚያመልጥባት ቀዳዳ ይህች ናት።

ቀዳዳይቱ ግን ጠባብ ናት። ሰው ሰባ ዓመት የኖረበት አካባቢ ከሰውየው ተለይቶ የቆመ ነገር አይደለም። የአንድ ሱቅ አቧራ የባለሱቁን የሥራ ታሪክ ይናገራል፤ ሳንባውን ይናገራል፤ ነገ ጤና ጥበቃ ወይም የወረዳ ሹም ሊወስን የሚችለውን ውሳኔም ይናገራል። ከደሙ የሚያንስ ምስክር አይደለም። ደሙ ሲወሰድ የሚጠየቅ ሰው አቧራው ሲወሰድ የማይጠየቅበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

የአድዋ ልብስ አጣቢዎች

የሄልሲንኪ መግለጫ በወጣበት በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ላይ ከወንዝ ዳር ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሐርዚያ የተባለውን በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተውሳክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ያዩት ነገር ቀላል ነበር። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ወደ ታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ወደ ላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ።

ከዚህች እይታ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተወለደ። አድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በተለይ በትንንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጩ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት፣ የአገራችንን የሰብል ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ከጥፋት ያዳኑት ዶክተር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ፤ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ ጀግናው አንድ ነው። እኔ ደግሞ የዶክተር አክሊሉን ዓይን ከማንም አላሳንስም፤ በዚያ ወንዝ ዳር ያለፉ ብዙ ናቸው፣ ያየ ግን እሳቸው ናቸው። ይሁንና ዓይን የሚያየው ነገር ይፈልጋል። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ለዘመናት ሲያውቁ የኖሩት፣ ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ወደ ወንዝ ያወረዱት ልብስ አጣቢዎቹ ናቸው። እነሱ ስለ ቢልሐርዚያ ተውሳክ አያውቁም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያለ እነሱ ጥዋት ልፋት በወንዙ ውስጥ የሚያዩት ነገር አልነበራቸውም። እውቀቱ የተወለደው በሁለቱ መካከል ነው። ስሙ የተሰጠው ግን ለአንደኛው ወገን ብቻ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ ሙስል የሚባል ዛጎል ለበስ እንስሳ በተስፋፋ ጊዜ እንዶድ ለዚህም መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም በአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በኩል ፓተንት ወጣበት። የአድዋ አጣቢዎች ስም በዚያ ፓተንት ላይ የለም። በጤፍም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ብዙ አነጋግሯል። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤት ያለው መሆኑን በሕግ አስፍራለች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ በፊት ያለው ነው። ዶክተር አክሊሉ አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀ መጠይቅ ብቻ ይዘው ወንዙን ሳያዩ ቢመለሱ ኖሮ፣ «ልብስ በምን ያጥባሉ?» የሚል ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ይገኝ ነበር? አይመስለኝም። ማን ያስበዋል! ትልቁ ግኝት የመጣው ከሕዝቡ በተሰበሰበ መልስ ሳይሆን የሕዝቡ ኑሮ ራሱ ካቀረበው ጥያቄ ነው። ሰውን በምርምር ውስጥ ማስገባት ማለት መልስ እንዲሰጥ መጥራት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥያቄውንም ያመጣ ዘንድ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ያልተጠየቀ ሰው ዝም አይልም

ሰውን አለመጠየቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነው። ለዚህ ከገዛ አገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት፣ በመንግሥት ሰነዶችና በእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርቶች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደጋገም ኖሯል። «በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ይህን ቁጥር ወደ ምንጩ ለመከተል ሞከረ። የጥንት ተጓዦች የጻፉትን መረመረ። ያገኘው ውጤት፣ ቁጥሩ በልኬት ላይ ያልቆመ መሆኑን፣ ከሰሜኑ ደጋም ብዙው ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምሮ ገላጣ የእርሻ አገር እንደነበር የሚያሳይ ነው። አንድ ያልተለካ ቁጥር ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተቀዳ እውነት ሆኖ ኖረ ማለት ነው። በመንገዱ ላይም ገበሬውን የደን ገዳይ አድርጎ ከሰሰው፤ ተከሳሹ ግን ችሎት ቀርቦ አልተጠየቀም።

ተከሳሹ ባይጠየቅም ፍርዱን ተቀብሏል። በደርግ ዘመን ተራሮች ተከለሉ፤ በምግብ ለሥራ ዘመቻ ችግኝ ተተከለ፤ የማኅበረሰብ ደን ተባለ። «የማኅበረሰብ» የሚለው ስም ግን ከላይ የመጣ ስም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በወደቀ ጊዜ በብዙ ቦታ ሰዉ ተነስቶ ዛፉን ጨፈጨፈው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር የራስወርቅ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን የሃያ ዓመት ልፋት ከመሬቱ ባለቤትነት ጥያቄ ጋር አያይዘው በጥልቀት መርምረውታል። ሰው የራሱን ዛፍ አይጨፈጭፍም ማለቴ አይደለም፤ የእኔ ነው የሚል ሰው ግን መንግሥት የወደቀ ዕለት መጥረቢያ ይዞ ወደ ተራራ አይሮጥም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ባለቤቱን ንቀን አጥሩን ስንተክልለት ነበር።

ይህ የድሃ አገር በሽታ እንዳይመስለን ደግሞ እንግሊዝን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1986 የቸርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳ ጊዜ ብክለቱ በዝናብ ታጥቦ ካምብሪያ በሚባለው የእንግሊዝ ተራራማ አውራጃ ላይ ወረደ። ባለሥልጣኖቹ የሳይንቲስቶቹን ስሌት ይዘው የበግ ሽያጭ እገዳው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው አሉ። ስሌቱ የተሠራው ግን የዚያ ተራራ አፈር ባልሆነ በሌላ ዓይነት አፈር ላይ ነበር። እረኞቹ ስለ መሬታቸውና ስለ በጎቻቸው ጠባይ የሚያውቁትን ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። ሦስት ሳምንት የተባለው እገዳ በአንዳንድ እርሻዎች ላይ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከ26 ዓመት በኋላ! ሁኔታውን ያጠናው ብራያን ዊን የተባለ ምሁር እንዳመለከተው፣ ሳይንቲስቶቹን ያሳጣቸው የእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን እርግጠኝነታቸው ነበር።

እውነት በእጅ ብልጫ ይወሰናል ወይ?

አሁን ደግሞ የተቃራኒውን ወገን ሙግት በሙሉ ኃይሉ ማቅረብ ይገባኛል። «ሳይንስ ስብሰባ አይደለም» ይላል። «በአየር ውስጥ ያለ ብናኝ በእጅ ብልጫ አይጨምርም፤ አይቀንስምም። ሕዝብ ደግሞ ይሳሳታል። የበርበሬ ተራዋ ሴት ሳሏን ብርድ ነው ትል ይሆናል፤ ሌላዋ ምች ነው ትል ይሆናል። ተመራማሪው ይህን ሁሉ እየተቀበለ ሊጽፍ ነው? ያልሠለጠነ ሰው የለካውንስ ማን ያምናል?»

ይህ ሙግት ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽነቱንም መርሳት የለብንም። ሚዛን ለማንም አይሰግድም። የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አየራችን ንጹሕ ነው» ቢሉ አየሩ አይጠራም። ሕዝብን ማክበር ሕዝብ ያለውን ሁሉ አሜን ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለሰው ከሚሰጥ ክብር አንዱ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል፤ ማስረጃው ይኸውልህ» ማለት ነው። ለማይከበር ሰው ማስረጃ አይቀርብለትም፤ ትእዛዝ ነው የሚሰጠው።

ግማሹ ውሸት የሚሆነው ግን «ያልሠለጠነ ሰው የለካውን ማን ያምናል» የሚለው ላይ ነው። በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናብ መጠን፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት እየለኩ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ዴቪድ ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የነዋሪዎቹን ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ከተገኘው መረጃ ጋር አስተያዩት። የነዋሪዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር የሚወዳደር፣ ከሳተላይቱም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ለእኔ ምሥጢር አይደለም። ሳተላይቱ ለዳንግላ ዝናብ ግድ የለውም። ገበሬው ግን የዘራው እህል አለው።

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም ከአሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር መምከርን መረጡ። ደኑን ከብት እንዳይገባበት፣ ማረሻም እንዳይገፋው ከእርሻው በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያውን ካብ ተሠራ። አጥሩ ደን ይጠብቃል፤ የገበሬው ማሳም ከድንጋይ ይጸዳል። እንዲህ ያለ መፍትሔ በቤተ ሙከራ ውስጥ አይገኝም።

ስለ ሚዛን ባለቤትነት ደግሞ አንድ የከተማ ምሳሌ ልጨምር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለ አዲስ አበባ አየር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ኤምባሲ በመሣሪያው እየለካ የሚያወጣው ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኤምባሲዎቹ ይህን መረጃ ለሕዝብ ማሠራጨታቸውን እንዲያቆሙ አደረገ፤ ምክንያቱ የበጀት ነው ተባለ። መሣሪያው የእነሱ ነው፤ ልንወቅሳቸው አንችልም። ነገር ግን የገዛ አየራችንን ነገር በሌላ ሰው ሚዛን ስንሰማ መኖራችን ሚዛኑ የተነሳ ዕለት ታወቀን። መሣሪያው የቆመበት ቦታ ደግሞ መርካቶ አልነበረም።

«ማኅበረሰቡ» ማን ነው?

አንዳንዱ ተመራማሪ ይህን ሁሉ አምኖ «እሺ፣ ማኅበረሰቡን አሳትፋለሁ» ይላል። ቀጥሎ የሚያደርገው ምንድነው? ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ደብዳቤ ያጽፋል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ ሻይና ብስኩት ያዛል፤ አበል ይከፍላል። ሃያ ሰው ይሰበሰባል፤ ፎቶ ይነሣል። በሪፖርቱ ላይ «ጥናቱ አሳታፊ ነበር» ተብሎ ይጻፋል።

ለመሆኑ ምናለሽ ተራ ላይ ማኅበረሰብ የሚባለው ማን ነው? የሱቁ ባለቤት አለ፤ በቀን ተከፍሎት የሚቀጠቅጠው ወጣት አለ፤ ዕቃውን የሚያመላልሰው ተሸካሚ አለ፤ ቆራሌው አለ፤ በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ አለ፤ ከጎን ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ጥቅማቸው አንድ አይደለም። ባለሱቁ ስለ ጭሱ ዝም እንዲባል ይፈልግ ይሆናል። ቀጥቃጩ መናገር ይፈልግና ነገ ሥራ እንዳያጣ ይፈራ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ መናገር የለመደው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚተነፍሰው ሰው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ መቅረት የእራቱ ዋጋ ነው።

ስለዚህ መፈለግ ያለበት የተሰበሰበ ሕዝብ ሳይሆን ሕዝቡ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጉዳይ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። እድር አለ፤ ዕቁብ አለ። እነዚህ በማንም አበል አልተቋቋሙም። ጉድለት የላቸውም አልልም፤ ድሃውን ተሸካሚና በረንዳ አዳሪውን ልጅ እነሱም ይዘነጋሉ። ቢሆንም እዚያ ሰው ስለ ሞትና ስለ ገንዘብ መነጋገርን ለምዷል። ስለ አየርና ስለ ውሃ መነጋገር ከዚያ የራቀ አይደለም።

የሚያስፈራ እውነት

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው የመጨረሻው ነው። ውጤቱ ሰዎቹን የሚጎዳ ቢሆንስ?

መርካቶ ራሱ ያለ ነዋሪው ምክር በተነደፈ ካርታ የተወለደ ሰፈር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለ«አገሬው» የተለየ ገበያ አደረገው። ስሙ እስከ ዛሬ የጣሊያን ስም ነው። ነጋዴው ግን ከጣሊያን ካርታ ላይ የራሱን ከተማ ሠራበት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስትፈርስ ያየ የመርካቶ ሰው «ሰፈርህ ተበክሏል» የሚል ወረቀት ሲመጣበት ምን ቢያስብ እንፈርድበታለን? ጥናቱ ለጤናው ነው ብሎ ያምናል ወይስ ለመነሻው ሰበብ ነው ይላል?

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ፍርሃት እውነትን ለመቅበር ይበቃል ብዬ አላምንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማይቱ ቆሻሻ የተከመረበት፣ ሰው ደግሞ እየቃረመ የኖረበት ቦታ ነው። ከተራራው ሥር የሚያድር ሰው ጥያቄ እንዲያወጣ ቢጠየቅ፣ ስለ አፈሩ የብረት ይዘት ከመጠየቁ በፊት «ይህ ክምር ዛሬ ማታ ይዞ ያድራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ እንደነበር እገምታለሁ። ጥያቄ የማውጣት መብት የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ከቆሼ በላይ የሚያስተምረን የለም። አደጋ እያለ ዝም ማለት ሰዎቹን መጠበቅ አይደለም።

እንግዲህ መውጫው የት ነው? እኔ የማየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ውጤቱ ይነገር፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሚሰማው ያንን አየር የሚተነፍሰው ሰው ይሁን። ጋዜጣው፣ ጉባኤው፣ የቢሮው ኃላፊ ከእሱ በኋላ ይድረሳቸው። ለመዘጋጀት፣ ለመከራከር፣ «ምድጃ መሥራቱን ሳልተው ቀለሙን ከመቀጥቀጥ በፊት ማስለቀቅ እችላለሁ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያግኝ። አስቀድሞ የመስማት መብት ግን የማፈን መብት አይደለም። የተመረዘ ጀሪካን የምትገዛው እናትም የማወቅ መብት አላት፤ ሻጩ ስላልፈለገ ብቻ የሷ መብት አይቀርም። ሁለቱ መብቶች ሲጋጩ ተመራማሪው ከሚጎዳው ሰው ወገን ይቆማል። ይህ ቀላል አይደለም። ግን ሳይንስ የሞራል ሥራ አይደለም ብሎ ከመሸሽ ይሻላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍ ሐሳቡን የመግለጥ መብት እንዳለው ይናገራል። ጥሩ ቃል ነው። ሆኖም መብቱ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እያለ ጥናቱ በማያነበው ቋንቋ ከታተመ፣ ሐሳቡን የሚገልጠው ስለ ምን ነገር ነው?

ተመራማሪውን ብቻ ከስሶ ማቆምም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብዙው ተመራማሪ በትንሽ በጀት፣ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ተማሪ ነው፤ ለመመለሻ ታክሲ የሚሆን ገንዘብ በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ያልተያዘለት። ይህን የሚያስተካክሉት ገንዘብ ሰጪውና ዩኒቨርሲቲው ናቸው። ከሕዝቡም በኩል ቢሆን መጠይቅ የያዘ ሁሉ እርዳታ ይዞ የመጣ እየመሰለው፣ ይወደድልኛል ያለውን መልስ የሚሰጥ ጥቂት አይደለም። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መረጃ ሚዛኑ ሥር ድንጋይ እንደ ማስገባት ነው። ሚዛኑ ይዙርልኝ ያለ ሰው በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ነገርም እውነት መሆን አለበት።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ማሳተፍ» የሚለውን ቃል ስጠቀም ጥቂት ቅር እያለኝ ነው። ማሳተፍ አንዱ ለሌላው የሚያደርግለት ነገር ነው፤ አሳታፊ አለ፣ ተሳታፊ አለ፤ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አሳታፊው ነው። አማርኛ ከዚህ የተሻለ ቃል አለው። መጠየቅ ይላል። በእኛ ቋንቋ መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መልስ መሻት ነው፤ ሁለተኛው የታመመን፣ የታሰረን፣ ያዘነን ሰው ቤቱ ሄዶ ማየት ነው። የታመመ የጠየቀ ሰው «እንዴት አደርክ?» ብሎ መልሱን ጽፎ አይወጣም፤ ይቀመጣል፤ ነገም ይመለሳል። መርካቶ የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቃለች። ሁለተኛውን ግን ገና ትጠብቃለች።